ምልክት ያልነበራት መርከብ

ጋሽ መዶሻ ይሏቸዋል። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው ደሞዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት በመርከብ ሞተር ክፍል ሠርተው፣ ያለፉትን ስድስት ዓመታት ደግሞ የአገሪቱ የንግድ መርከብ ድርጅት የሚገዛቸውን ያገለገሉ መርከቦች ሲመረምሩ የቆዩ ሰው ናቸው። ድርጅቱ ቀድሞ ሁለት መርከብ ብቻ ነበረው። ስንዴውም ማዳበሪያውም የሚመጣው በሰው መርከብ ስለነበር ባለመርከቦቹ ሲፈልጉ ዋጋ ይቆልላሉ፣ ሲያሰኛቸው ወደቡን ዘለው ያልፋሉ። አንድ ዓመት ማዳበሪያው ከዘር በኋላ ደረሰ። «የራሳችን መርከቦች ይኑሩን» የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው። አራት ተገዙ። አምስተኛዋ አሁን በጥገና ወደቡ ቆማ የጋሽ መዶሻን ፊርማ ትጠብቃለች።

አሠራራቸው የታወቀ ነው። መርከብ ባዶዋን ስትሄድ እንዳትዋልል የባሕር ውሃ የሚሞላባቸው ትልልቅ ታንኮች አሏት፤ ዝገት ቤቱን የሚሠራው እዚያ ነው። ጋሽ መዶሻ በጠባቡ ቀዳዳ ሾልከው ይገቡና ግድግዳውን በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ይሄዳሉ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የሳሳው እንደ በሽተኛ ያጉረመርማል። ባጉረመረመበት ቦታ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። ከኋላ የሚከተለው ለኪ የውፍረት መለኪያውን የሚያሳርፈው ምልክት ያለበት ላይ ብቻ ነው፤ ታንኩ ሁሉ ጋት በጋት ይለካ ቢባል ወር አይበቃም።

በዚያን ዕለት ልጃቸውም ባትሪ ይዛ አብራ ገብታ ነበር። ይህችው መርከብ ስትገዛ ሦስተኛ መሐንዲስ ሆና እንድትሠራባት ተመድባለች።

«ይቺስ ሙሽራ ናት!» አሉ ጋሽ መዶሻ ግድግዳውን እያንኳኩ። «አንድም ቦታ አላቃሰተች።»

ለኪው ዞሮ ከፊታቸው ቆመና ሳቀ። «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነማ እኔ ለምን እጠራለሁ? ቤቴ ልተኛ እንጂ።»

«ተኛ! ደሞዝህን እኔ እቀበልልሃለሁ።»

ልጃቸው አልሳቀችም። የታንኩ ሙቀት ያደከማት መሰላቸው።

ለምሳ ቤት ገቡ። እሳቸው እጃቸውን ታጥበው፣ ቧንቧውን ዘግተው፣ በፎጣ እያደራረቁ ዞር ቢሉ ልጅቱ በሩ ላይ እንደ ቆመች ናት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?»

«ሦስት ጊዜ ጠራሁህ አባዬ።»

«ውሃው እየወረደ እንዴት ልስማ?»

«ውሃውን ከዘጋህ በኋላ ነው የጠራሁህ።»

ፎጣውን አጣጥፈው አስቀመጡ። እሷ ግን አላቆመችም። «ጠዋት የፊተኛውን ታንክ ስታንኳኳ የግራው ግድግዳ ድፍን ያለ ድምፅ ነበር የሚሰጠው። ሞቶ ነበር አባዬ። አልፈኸው ሄድክ። መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ሌላም ቦታ፣ ሌላም ቦታ። በሰው ፊት ላርምህ አልቻልኩም።»

«አንቺ! ትናንት ከትምህርት ቤት ወጥተሽ ዛሬ ብረት ልታስተምሪኝ?» ብለው ተቆጡ። ቁጣው ግን ልብ አልነበረውም፤ እንደ ተነሳ ተቀመጠ።

ሞተር ክፍል ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም። ጩኸቱ ሰውን ይውጣል። ስለዚህ እዚያ የኖረ ሰው ሁሉ ከንፈር ያነባል፣ በእጁ ያወራል፣ ሲያናግሩት ፊት ለፊት ይቆማል። ወደ የብስ ሲመለስም ልማዱ አይለቀውም። ጓደኞቻቸው ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ሲገናኙ ፊት ለፊት ቆመው እየጮኹ ያወራሉ፣ ሰውም «የመርከብ ሰዎች ሲያወሩ የተጣሉ ይመስላሉ» ብሎ ይስቃል። ከእነሱ መሐል የማን ጆሮ መቼ እንደ ሄደ ማን ይወቅ? ባለቤቱስ ቢሆን?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብለው ሊቀልዱ ሞከሩ። የሳቀ የለም። ምሳው ሳይነካ ተነሱ።

ከሰዓት በኋላ ለኪውን ይዘው ተመለሱ። አሁን ልጅቱ ታንኳኳለች፣ እሳቸው ባሳየቻቸው ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ለኪው መሣሪያውን አሳረፈና ፊቱ ተለወጠ። አሥራ ሁለት ሚሊሜትር መሆን የነበረበት ብረት አምስት ተኩል ነበር። ቀጥሎ ስድስት። ቀጥሎ አራት። አዲሱ ቀለም እንደ ክዳን ሸፍኖት ኖሯል።

«ሻጮቹ ለመሸጥ ቀቧት እንጂ አልጠገኗትም» አለ ለኪው። «እንኳን ደረስንባት። ይቺን አንገዛም፣ አለቀ።»

ጋሽ መዶሻ ግን ስለ እሷ ማሰብ አቁመዋል። ከደረት ኪሳቸው የምርመራ ደብተራቸውን አወጡ። በመጀመሪያዋ መርከብ አርባ አንድ ምልክት አድርገው ነበር። በሁለተኛዋ ሠላሳ። በሦስተኛዋ ዘጠኝ። ባለፈው ዓመት በተገዛችው በአራተኛዋ አንድም አልነበረም። ያኔ በስብሰባ ላይ ተነስተው «መግዛት ለመድን፣ የምናመጣቸው መርከቦች እየተሻሉ ነው» ብለው ነበር፤ ተጨብጭቦላቸዋል። እየተሻሉ የመጡት መርከቦቹ አልነበሩም።

ሦስተኛዋ በጥገና ላይ ስለሆነች ነገውኑ ትለካለች። አራተኛዋ ግን ማዳበሪያ ጭና ከሃያ ሦስት ሰው ጋር ባሕር ላይ ናት። ወሩ ደግሞ የማዕበል ወር ነው።

ወደ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሄደው ሁሉንም ነገሩት። ወጣት ነው፤ ቢሮው ውስጥ ከወረቀት በስተቀር ጌጥ የለም። እስኪጨርሱ ድረስ አላቋረጣቸውም።

«ጋሼ፣ አራተኛዋ ወደባችን ለመድረስ የቀራት ዘጠኝ ቀን ነው» አለ በመጨረሻ። «እስካሁን አንድ ዓመት ሠርታለች። ምንም አልሆነችም።»

«እስካሁን ምንም ያልሆነ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይሆናል።»

«አሁን አስቁሜ ባዕድ ወደብ ባስገባት ማዳበሪያው እንደዚያ ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ሌሎች መርከቦችን ለመግዛት ያቀረብነው ጥያቄም በሚመጣው ሳምንት ይታያል። ‹መርማሪያቸው ደንቆሮ ነበር› ከተባለ ማን አምኖ ይፈቅድልናል? እኔ ለወንበሬ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ መዶሻ። በእርግጥም ያውቁ ነበር። በዚያ ዓመት ባዶ እጁን የዋለ ገበሬ ወንድም አላቸው። «ግን ማዳበሪያ ቢዘገይ ሰው ይቸገራል። መርከቧ ብትሰበር ሃያ ሦስት ሰው ይሞታል፤ ማዳበሪያውም አይደርስም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። ባሕር ላይ የፈሰሰ ደግሞ አይለቀምም።»

ሥራ አስኪያጁ ተነሳና አብሯቸው ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ወረደ።

«በቴክኒክ ምክንያት በአቅራቢያው ወዳለው ወደብ ግቡ በል» ሲል የሬዲዮ ሠራተኛውን አዘዘው። ወደ ጋሽ መዶሻ ዞሮም «ስምዎ በመልእክቱ አይነሳ» አለ። «ጡረታ በክብር ይውጡ። ይገባዎታል።»

ያ ቃል ልባቸውን ነካው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያለ ነቀፋ የሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ አይገፋም። ሠራተኛው መጻፍ ሲጀምር እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

«ቆይ ልጄ። ካፒቴኑን አውቀዋለሁ። ‹የቴክኒክ ምክንያት› ስትለው ሞተሩን ነው የሚያስፈትሸው። ታንኮቹን የመረመርኩት እኔ መሆኔን ስለሚያውቅ አይነካቸውም። እንዲያውም ማዕበል ሲያይ እንድትረጋለት የፊተኛውን ታንክ ውሃ ይሞላዋል። ግድግዳው እንደ አምስተኛዋ ሳስቶ ከሆነ ያን ያህል ውሃ አይሸከምም።»

ሥራ አስኪያጁ ከሬዲዮው ፊት ፈቀቅ አለላቸው።

«እንዲህ ብለህ ጻፍ» አሉ። «ታንኮቹን የመረመርኩት እኔ ነኝ። በመረመርኩበት ጊዜ ጆሮዬ አይሰማም ነበር። አላወቅሁም። ያለፍኳቸውን አትመኗቸው።»

ሠራተኛው ጽሕፈቱ ላይ እንዳጎነበሰ አንድ ነገር ተናገረ።

«ቀና ብለህ ንገረኝ» አሉት። ይህን ቃል ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ቀና አለ። «ጋሼ፣ ይሄ መልእክት ወደብ ለወደብ ነው የሚተላለፈው። የመርከብ ሰው ሁሉ ይሰማዋል ነው የምልዎት።»

«ይስማው» አሉ። ወንበር ሳቡና ከንፈሩን ለማየት በሚመቻቸው በኩል ተቀመጡ። «አሁን ታንኮቹን በየተራ እነግርሃለሁ። የፊተኛውን ታንክ አስቀድም። ውሃ ካለው ቀስ ብለው ያውጡት።»