የፕሮሃስካ ዝምተኛ ገረድ

ቪየና ውስጥ ኦቲሊየ ፕሮሃስካን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት ከባቡር የወረደ ነው። የትራም ትኬት ቆራጮች ገንዘብ አይቀበሏትም፤ የገበያ ሴቶች ለሚኒስትር ሚስት የማይመርጡትን ፖም ይመርጡላታል። የልብስ አጣቢ ልጅ ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ «እመቤቴ፣ ሠረገላው ደርሷል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ይዛ መድረክ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አልወረደችም።

እኔ ሬዚ ናግል ነኝ፣ ቃል አስታዋሿ፤ ተዋናይ ቃሉ ሲጠፋበት ከሥር ሹክ የምል። ሃያ ስድስቱን ዓመት ከመድረኩ ጠርዝ ሥር ባለችው ጉድጓድ ውስጥ፣ ራሴን ብቻ ብቅ አድርጌ፣ ጽሑፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ኖሬያለሁ። ተመልካቹ ሁልጊዜ ከጀርባዬ ነበር። የማየው የተዋንያንን ጫማ ነው፤ ስለ ጫማቸው አፌን ብከፍት የስንቱ ትዳር በፈረሰ።

ኦቲሊየ መስማት ካቆመች ሁለት ዓመቷ ነው። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የራሷን ቃል አንዱንም አትስትም፤ የሚቸግራት ሌላው መቼ ተናግሮ እንደጨረሰ ማወቅ ነው። ሰውየው ፊት ለፊቷ ከሆነ ከንፈሩን ታነባለች። ካልሆነ እኔን ታያለች፤ እኔ የእሱን ቃል ያለ ድምፅ በአፌ እከተላለሁ፣ አፌ ሲዘጋ ትጀምራለች። አንዳንዴ ስትዘገይ ትያትር ቤቱ «ጠጥታ ነው» እያለ ያማታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሐሜቱ እሷ ዘንድ አልደረሰም፤ እኔም አልነገርኳት።

ዘንድሮ ዶክተር ሊንዳወር የሚባል አዲስ አዘጋጅ መጣ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ቃል አስታዋሽ መቅበር ያለፈበት ነገር ነው ብሎ ጉድጓዴን በጣውላ አስመታው። አላበቃም። የኦቲሊየን ልጅ ሆኖ የሚጫወተው ኤገን ረጅሙን ንግግሩን ጀርባውን ለእናቱ ሰጥቶ፣ መስኮት መስኮቱን እያየ እንዲናገር አዘዘው። ያዘነ ሰው የሚያየው መስኮት ነው አለ። እንግዲህ ይህን የት እንደተማረው እሱ ያውቃል። ኦቲሊየ በልምምድ ሁለት ጊዜ ንግግሩን አቋረጠችበት። ሊንዳወርም አንድ ጊዜ ብትደግም ቦታዋን ለሌላ ተዋናይት እንደሚሰጥ በሰው ሁሉ ፊት ነገራት። ያንን እንኳ ከከንፈሩ ላይ አነበበችው።

ያን ዕለት ወደ መልበሻ ክፍሏ አስጠራችኝ። መድረኩን ከወሰዱባት መንገድ ለመንገድ የምትሄድ ጆሮዋ የደነቆረ አሮጊት ሆና እንደምትቀር፣ ሌላ ምንም እንደሌላት ነገረችኝ።

«በትያትሩ ያለችውን ገረድ የምትጫወቺው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«እኔ? ምን ነካዎት እመቤቴ? ስልሳ ዓመቴ እኮ ነው።»

«ቃል የላትም። ትሪ ይዘሽ ኤገን አጠገብ ትቆሚያለሽ፣ ፊትሽን ወደ እኔ። በቃ።»

ሊንዳወር ሲሰማ ሳቀ፤ ግን ትኬቱ የሚሸጠው በማን ስም እንደሆነ ያውቃልና እሺ አለ።

ትያትሩ የተከፈተው እሁድ ከሰዓት ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የመጀመሪያው ክፍል በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ኦቲሊየ መድረኩ ጠርዝ ላይ ካለው ወንበር ተቀምጣለች፤ እኔ ትሪዬን ይዤ ገባሁና ኤገን አጠገብ ቆምኩ። ዓይኗን ለማየት ቀና ስል ከትከሻዋ በላይ ሕዝቡን አየሁት።

በልምምድ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነበር። አሁን ሃያ ስድስት ዓመት ከጀርባዬ የኖረው ሰው በሙሉ አፍጥጦብኛል። ትሪው ላይ ያሉት ስኒዎች መንቀጫቀጭ ጀመሩ። ኤገን ወደ መስኮቱ ዞሮ መናገር ጀመረ፤ ኦቲሊየ አፌን ታያለች፤ አፌ ግን አልላወስ አለኝ። ኤገን ጨረሰ። ተራው የእሷ ነው። እሷ አሁንም አፌን ታያለች። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ፣ ከዚያ ሌላ ሰው። ሊንዳወር ከመጋረጃው ጀርባ ሲራገም ይሰማኛል። በገዛ እጄ ልገድላት ነው ብዬ ፈራሁ።

እሷ ግን ከወንበሯ ተነስታ መጣች። ትሪውን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች፤ ማለቴ፣ ያንሾካሾከች መሰላት።

«አይዞሽ ሬዚ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዳቸውንም ሰምቼ አላውቅም፤ ይኸው አልሞትኩም።»

የራሱን ድምፅ የማይሰማ ሰው ሹክሹክታውን በምን ይመጥነዋል? ቃሉ እስከ ላይኛው ሰገነት የመጨረሻ ወንበር ድረስ ዘለቀ። ሳሉ ቀጥ አለ።

ፊቴን አየችው።

«ጮክ ብዬ ነው እንዴ?» አለች፣ አሁንም ጮክ ብላ።

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። እንባዬ መጣ። እሷ ዞር ብላ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተችው። ሊንዳወር መጋረጃው እንዲወርድ እጁን ሲያነሳ ሳየው፣ እሷ ቀድማ ኤገን ዘንድ ደርሳ ነበር። ትከሻውን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው።

«በል ልጄ፣ እንደገና። ፊቴን እያየህ።»

ኤገን አዘጋጁን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ቀስ እያለ ደገመላት፤ ሲጨርስ በሰዓቱ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አፍ አልተመለከተችም። ትሪዬን አንስቼ ወጣሁ።