ርካሹ ቆላ

በ1975 ዓ.ም. ክረምቱ እንደ ወጣ፣ አዋሳ ውስጥ ከቀበሌያችን ሊቀመንበር ከጓድ ሽበሺ ለወንድሜ ለደበሌ መልእክት መጣ። «ነገ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ቡና ቤት ይምጣ፤ ለጎሽ አደን ቦታ ልንመርጥ ነው» የሚል ነበር። የደበሌ ፊት በራ። የእኔ ደም ፈላ።

ባለፈው ዓመት ሽበሺ ጎሽ ሊያድን ወደ እናታችን አገር፣ ወደ ገላና ቆላ ሲወርድ መንገድ መሪው ደበሌ ነበር። ሽበሺ ከሩቅ ተኩሶ የጎሹን ታፋ መታ። ጎሹ ደሙን እያንጠባጠበ ጥሻ ገባ። በአዳኞች ልማድ ገዳይ የሚባለው ቀድሞ ደም ያፈሰሰ ነው፤ ማንም ይጨርሰው ማን ጅራቱ የእሱ ነው። ስለዚህ ሽበሺ መኪና ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ደበሌ ጥሻ ገባ። ጎሹ ከመውደቁ በፊት የወንድሜን ጭን በቀንዱ ዘነጠለው። ሽበሺ ጅራቱን ይዞ እየፎከረ አዋሳ ገባ። ደበሌ ከኋላ፣ ጆንያ ላይ ተኝቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አይሄድም።

ሚስቱ ሙሉጌጥ መልእክቱን ስትሰማ ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

«እኔን አይሰማኝም። አንተ አንድ ነገር በል እንጂ ማቴዎስ! እንደገና በጆንያ ነው የምቀበለው?»

እኔ አናጢ ነኝ፤ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀኝ እንኳ የማየው እንጨቱን ነው። ቢሆንም በማግስቱ ወንድሜን ተከትዬ ሄድኩ።

ሽበሺ ከእህል ነጋዴው ከጠሀ ጋር ተቀምጧል። መኪናው የጠሀ ነው።

«ና ጀግናው፣ ና!» አለ ሽበሺ። «ለወንድምህም ወንበር ሳብለት። ይሄ ልጅ ዛሬም አይናገርም?»

«ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲያናግር ይውላል፤ ለሰው የሚተርፍ ቃል ከየት ያምጣ!» አለ ጠሀ። ተሳሳቁ።

ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ጎሽ የሞላው ኦሞ ነው ይላሉ» አለ ጠሀ። «ግን መንገዱ ጎማ ይበላል። ቤንዚን እንደሆነ በኩፖን ነው። መሪ መቅጠር አለ፣ ተሸካሚ አለ።»

«ጋምቤላስ?»

«ጋምቤላ ድረስ ሄጄ ጎሽ ከምገድል እዚሁ ሦስት በሬ ገዝቼ ባርድ ይረክሰኛል!»

«ገላና አላልኩህም?» አለ ሽበሺ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «ቅርብ ነው። ማደሪያው የደበሌ ዘመዶች ቤት፣ ወተቱ በነፃ፣ መሪው ራሱ ደበሌ። ከዚህ የሚረክስ ቦታ የት ይገኛል? አይደለም እንዴ ደበሌ?»

«እውነትዎን ነው» አለ ወንድሜ። «በበጋ ጎሹ ውሃ ፍለጋ ወንዙ ዳር ይወርዳል። እግሬ ትንሽ ቢያስቸግረኝም...»

«እግርህ ምን ሆነ? አንተ በአንድ እግርህ ከአሥር ሰው ትበልጣለህ! አሁን ደግሞ ቀድሞ የሚተኩሰው ጠሀ ነው፤ ጅራቱም ለእሱ። ልጁን ሲድር ገዳይ ተብሎ ይቀመጥ።»

ወንድሜ አብሯቸው ሳቀ። ያልቻልኩት ያንን ሳቅ ነው።

«ገላና ሂዱ» አልኩ። ዓይኔን ጠረጴዛው እንጨት ላይ ተክዬ ነበር። «ዘመዶቻችንም ያሳድሯችኋል። ግን ያቆሰለ ሰው ቀድሞ ጥሻ ይገባል። ይህንን አሁን፣ ሰው ፊት ይማሉልኝ ጓድ ሽበሺ።»

«ማቴዎስ!» አለ ደበሌ።

«ምን አልክ አንተ?» አለ ሽበሺ።

«ቦታው የረከሰው ቅርብ ስለሆነ አይደለም። በእናንተ ፋንታ ጥሻ የሚገባ ሰው በነፃ ስላገኛችሁ ነው። ጓድ ማለት አብሮ የሚገባ መስሎኝ ነበር።»

አጠገባችን ዳማ ይጫወቱ የነበሩት ሁለት ሽማግሌዎች እጃቸውን ከሰሌዳው አነሱ።

«ምን አስቸገረህ ሽበሺ?» አለ አንደኛው። «ገዳይ አይደለህ? ማልለት እንጂ!»

ሽበሺ ወደ ጠሀ ዞረ።

«እኔ ስኳር አለብኝ» አለ ጠሀ። «ሐኪም አትሩጥ ብሎኛል።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። የሽበሺ ግንባር ላይ የደም ሥሩ ተነሳ።

«ኦሞ እንሄዳለን!» አለ ብድግ ብሎ። «ገንዘብ ያነሰን መሰላችሁ? እዚያ ሥርዓት ያለው መሪ እንቀጥራለን። አንተ ደግሞ ነገ ጠዋት ቀበሌ ትመጣለህ። እንዴት እንደምትናገር እዚያ እናያለን።»

ወጡ። እኔና ወንድሜ መንገድ ጀመርን። ብዙ ከሄድን በኋላ ቆመ።

«አዋረድከኝ። እኔ ራሴ እምቢ ልል ነበር።»

«መቼ? ጥሻ ከገባህ በኋላ?»

«አንተ ምን ታውቃለህ! እዚህ አዋሳ ማን ያውቀኛል? ያ አንካሳ ነው የምባለው። ቆላ ስወርድ ግን ደበሌ መጣ ይባላል። ያንን ነው የወሰድክብኝ!»

ነገሩ ገባኝ። ግን አልራራሁለትም፤ በእሱም ተናድጄ ነበር።

ቤት ስንደርስ ሙሉጌጥ በር ላይ ቆማለች። ደበሌ ሳያያት አልፎ ገባ። እሷ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ቀርቷል» አልኳት። «ኦሞ ነው የሚሄዱት።»

መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ፊቴን ደህና አድርጋ አየችውና «አንተስ ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ነገ ቀበሌ ተጠርቻለሁ።»

«ውይ! ይቅርታ ጠይቃቸውና ይለፍ፤ በል አሁን ተረጋጋ።»

አልተረጋጋሁም። ንዴቴ ከበረደ ያ አሮጌው ዝምታዬ ይመለሳል፤ ቀበሌ ገብቼ እንድናገር ንዴቱ እስከ ጠዋት እንዲቆይልኝ ፈለግሁ።