ሰባተኛዋ አጥንት

ረቡዕ ጠዋት የወጌሻዋ አማች የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ኩንታል ተሸክሞ ሦስት ፎቅ የሚወጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ግንዱ» ብሎ የሚጠራው ሰውዬ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከአንዲት ሚጢጢ ቁልፍ ጋር ይታገላል።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ወጌሻዋ በሩ ላይ ቆማ።

«ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ ደንዝዘዋል፣ እማዬ። ተኝቼባቸው ይሆናል።»

«ጣት ላይ ይተኛል እንዴ? ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ግንዱ አቀረቀረ። ከዚያ «ትናንት… እርስዎ ካሹኝ በኋላ» አላት።

ወጌሻዋ ክው አለች።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ነው። ግንዱ የተሳፈረበትን የጭነት መኪና ሌላ መኪና መጥቶ ከኋላ ገጨው። ደም የለ፣ ቁስል የለ፣ አንገቱን ብቻ አመመው። ሆስፒታል ወሰዱት፤ ራጅ አነሱትና «አጥንቱ ደህና ነው፤ ጡንቻ ነው» የሚል ወረቀትና ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልጇ፣ የግንዱ ሚስት፣ ወረቀቱን አነበበችላትና «በይ እንግዲህ፣ ማሸቱን ጀምሪለት» አለቻት።

ወጌሻዋ አርባ ዓመት ሙሉ ያልተወችው አሠራር ነበራት። አንገቱን የታመመ ሰው ሲመጣባት፣ ዘይት ከመንካቷ በፊት ከጭንቅላቱ ሥር ጀምራ እስከ ትከሻው ድረስ አጥንቶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ትጫናለች። አንዷ ላይ ስትደርስ ሰውየው ከጮኸ እጇን ትሰበስባለች። «እኔ እዚህ የለሁበትም፤ ሐኪም ጋ ሂድ» ትላለች። ቢለምኗት፣ ቢያለቅሱባት፣ ፍንክች የለም። ግንዱ ደግሞ አንገቱ ሥር ጉብ ያለችዋ አጥንት ላይ ስትደርስ የጮኸው ጩኸት ጎረቤት ያስወጣ ነበር። እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ማንበብ አትችልም፤ ማኅተሙን ግን ታየዋለች። የተማረ ሰው ደህና ነው ካለ የእኔ ጣት ምን ቤት ነው አለችና፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቷን ትታ ወረቀት አመነች። አሸችው።

አሁን ግንዱን ወለሉ ላይ በጀርባው አስተኛችው፤ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አደረገች።

«እማዬ፣ ለምን ታስፈሪዋለሽ?» አለች ልጇ። «ደግመሽ ብታሺው እኮ ይለቀዋል። ትናንት በደንብ አልጨረስሽውም።»

«ዛሬ ይህን አንገት የሚነካ ሰው እጁን እቆርጠዋለሁ። ከራሴ ነው የምጀምረው! አምቡላንስ ጥሪ!»

አምቡላንሱ ውስጥ ጭንቅላቱን በሁለት መዳፏ መሃል ይዛ ተንበርክካ ሄደች። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሾፌሩን ከነዘር ማንዘሩ ሰደበችው።

ድንገተኛ ክፍል ደርሰው ነርሷ መዝገቡን ገልጣ «ይሄ ሰኞ ታይቶ የተሸኘ ነው እኮ» አለች። «ማስታገሻውን ይቀጥል።»

«ማስታገሻውን አንቺ ዋጪው! ማን ነው ያየው? ጥሪልኝ!»

የመጣው ለጋ ሐኪም ነው፤ ጢሙ ገና ያልጠነከረ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ።

«እማማ፣ ራጁን ያየሁት እኔው ነኝ። ንጹሕ ነው።»

«አሳየኝ።»

«ቢያዩት ምን ያደርግልዎታል?»

«ፊደል አልቆጠርኩም፤ አጥንት ግን አንተ ሳትወለድ ጀምሬ ዳስሻለሁ። አሳየኝ አልኩህ!»

የሚገላገላት መስሎት ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረው። ወጌሻዋ ጎንበስ ብላ አየች። የአንገቱ አጥንቶች እንደ ጨሌ ተደርድረው ይወርዱና ታች ሲደርሱ ነጭ ጉም ውስጥ ይጠፋሉ። ጉብ ያለችዋን ፈለገቻት። የለችም።

«ይሄ ጉም ምንድን ነው?»

«ትከሻው ነው። ሰፊ ስለሆነ ጋርዶ ነው።»

«ምኑን ነው የጋረደው?»

ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብሎ አየ።

«ቁጠርልኝ» አለችው።

በእስክሪብቶው ጫፍ ከላይ ጀመረ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» አምስት ላይ ድምፁ ቀነሰ። «ስድስት።»

«የሰው አንገት ስንት አለው?»

«ሰባት።»

«ታዲያ ሰባተኛዋ የት ሄደች? ገበያ ወጣች?»

ነርሷ ሳቋ አምልጧት አፏን ያዘች። ሐኪሙ አልሳቀም፤ ፊቱ አመድ መስሎ እየሮጠ ወጣ። አንድም ቃል ሳይከራከር ጠንካራ የአንገት መያዣ ይዞ ተመለሰና በገዛ እጁ አሠረለት። ሲቲ ስካንም አዘዘ።

ውጤቱን ይዞ ሲመጣ እናትና ልጅ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።

«ሰባተኛዋ ተሰብራ ወደ ፊት ተንሸራታለች። ወደ ጣቱ የሚሄደውን ነርቭ እየተጫነችው ነው። ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ይገባል።» እስክሪብቶውን አወጣ። «ከሰኞ ወዲህ አንገቱን ያሸው ወይም የሳበው ሰው አለ? ለቀዶ ጥገና ሐኪሟ መንገር አለብኝ።»

ልጇ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ምን ማለት እንደሆነ ወጌሻዋ ገብቷታል። ዝም በይ፣ ጥፋቱ የነሱ ነው፣ ማምለጫ በገዛ እጃችን አንስጣቸው ማለት ነው።

«እኔ አሸሁት» አለች ወጌሻዋ። «ከላይ ወደ ታች አሸሁት፤ ትከሻውን ደግሞ ወደ ኋላ ሳብኩት። የደነዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ጻፈው። የአንተንም ጻፍ!»

«እማዬ!» አለች ልጇ። «አንቺ አበላሽተሽው ነው ከጠዋት ጀምሮ እኔ ላይ የምትጮሂው?»

«አዎ! አንቺም ላይ፣ እሱም ላይ፣ ራሴም ላይ!»

ልጇ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች። ወጌሻዋ አላባበለቻትም። ምን ብላ ታባብላታለች?

ቀዶ ጥገናው አራት ሰዓት ፈጀ። ሐኪሟ ቆቧን እያወለቀች ወጣች። «እግሩም ክንዱም ይንቀሳቀሳል። አጥንቷ ከዚህ ትንሽ አልፋ ብትንሸራተት ኖሮ ከደረቱ በታች ሽባ ይሆን ነበር። ጣቶቹን በተመለከተ ግን ቃል አልገባም።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እናትና ልጅ ሲገቡ ግንዱ አንገቱ በመያዣ ታስሮ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ ተኝቷል።

«ጣትህን እጠፍ» አለችው ወጌሻዋ።

አጠፈ። የቀለበት ጣቱ በግድ ጎበጠች። ትንሿ እንደ እንጨት ደርቃ ቀረች።

«አንዷ መጥታለች እኮ፣ እማዬ። ዘጠኝ ጣት ይበቃኛል፤ ድሮም አሥረኛዋን ለጌጥ ነው የያዝኳት። እኔ እንደሁ ይቅር ብዬዎታለሁ።»

«ማን ይቅርታ ጠየቀህ? ዝም ብለህ ተኛ!»

ለጋው ሐኪም በሩ ላይ ብቅ አለ። ገብቶ በግንዱና በሚስቱ ፊት ቆመና «ራጁ ሙሉ አልነበረም፤ ልብ ሳልል ሸኘሁህ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

«ሙሉውን አትውሰደው» አለችው ወጌሻዋ። «እኔ እጄ ነግሮኝ ነበር። አንተ ሳታይ ነው የሳትከው፤ እኔ አውቄ ነው።»

ሐኪሙ እዚያው ቆሞ ቀረ። ደግ ነገር የምትጨምርለት መስሎት ይሆናል።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ? ውጭ በሽተኛ ተሰልፎልሃል፤ ሂድ!»