የአያ ሙላቴ ወረንጦ

እኔ ትዕቢተኛ ነኝ። ሌላ ሰው ቀድሞ ከሚነግራችሁ ራሴ ልናገረው። ደብረ ታቦር በተከራየነው የጥናቱ ቢሮ ግድግዳ ላይ የስድስት ወሩ ውጤት የተለጠፈ ዕለት፣ አምስታችን ነርሶች ከፊቱ ተገትረን ነበር። ስማችን አልተጻፈም፤ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ግን ቁጥር ሦስት እኔ መሆኔን አውቃለሁ። ከሠራኋቸው ሠላሳ ስምንት ዓይኖች ፀጉር የተመለሰባቸው ሁለት ብቻ ናቸው። ባልደረባዬ ዋልልኝ ሰባት ተመልሶበት ጢሙን ሲነጭ አየሁና "አይዞህ፣ ልምድ ነው" አልኩት። የሠለጠንነው እኮ እኩል ነው።

ሥራችን እንዲህ ነው። የዓይን ማዝ በልጅነቱ ደጋግሞ የያዘው ሰው ሲጎለምስ የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ይሸበሸብና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ዓይኑን በከደነ በገለጠ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይቧጥጠዋል። ብሌኑ ጠባሳ እያወጣ ይነጣል፤ ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው። እኛ ቆቡን ሰንጥቀን፣ ወደ ውጭ ገልበጥ አድርገን እንሰፋዋለን። ጥናቱ የሚጠይቀው የትኛው ስፌት ይሻላል ብሎ ነው፤ በሳምንቱ የሚወጣው ክር ወይስ ራሱ የሚሟሟው? ማን የትኛው እንደሚደርሰው የታሸገ ፖስታ ይወስናል። በስድስት ወሩና በዓመቱ ደግሞ ደሳለው የሚባል ቀጭን መርማሪ፣ ማን እንደሠራው ሳያውቅ፣ በማጉያ መነጽር የተመለሰውን ፀጉር ይቆጥራል። እኔ የራሴን ሥራ እንድመረምር አይፈቀድልኝም። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር እየሩስ ሰው ለእጁ ሥራ ያዳላል ትላለች። ዓመቱ ሲሞላ ውጤቱ የበለጠው ነርስ በሌሎች ወረዳዎች እየዞረ እንዲያሠለጥን ይላካል ተብሏል። እኔ ሻንጣ ገዝቼ ነበር።

እትዬ አሰፋሽን የሠራኋቸው በሁለት ሺህ ስድስት ጥር ላይ ነው። ከጋፋት ወዲያ ካለች መንደር ባለቤታቸው አያ ሙላቴ እጃቸውን ይዘው አመጧቸው። ግራ ዓይናቸው ነጥቶ አልቋል። የቀረቻቸው ቀኟ ናት፤ እሷንም ለሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀው ያቆዩአት አያ ሙላቴ ናቸው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ሚስታቸውን ደጃፍ ላይ ፀሐይ አስይዘው የሚወጋውን ፀጉር በወረንጦ ይነቅላሉ። ወረንጦዋን አንበሳሜ ገበያ የገዟት ናት፤ ራሳቸው በሰፏት የቆዳ ማኅደር ውስጥ አንገታቸው ላይ ትውላለች።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ውጭ ይጠብቁ ቢባሉ በሩን አልለቅም አሉ። "ከጥጉ በኩል ያለችቱ ክፉ ናት፤ ሁለት ጊዜ ሥሯ ቀርቶብኛል" እያሉ ከበሩ ላይ ሲያዙኝ ዋሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ጥጉ ላይ ያለችው ክፉ ነበረች። ስጨርስ አስቀምጬ መከርኳቸው፦ "አያ ሙላቴ፣ ከእንግዲህ ወረንጦ የለም። ፀጉር ቢመለስ እንኳ አይንኩት። እኛ እንቆጥረዋለን።"

"እሽ፣ ትቆጥሩታላችሁ" አሉ፣ ልክ አደራ እንደተቀበለ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ሆንኩ። በየገበያው ቀን አንድ ዘንቢል ድንች ቢሮ ድረስ ይመጣልኛል። የምኖረው ብቻዬን ነው፤ ድንቹን ለጎረቤት እያደልኩ "ከበሽተኞቼ ነው" እያልኩ እኩራራ ነበር። በመንደራቸው ከሠራኋቸው አሥራ አንድ ሴቶች ጋርም በእሳቸው በኩል ተወዳጀሁ። ሲያዩኝ "ዓይናችን መጣች" ይሉኛል። ልቤ ቅቤ ይጠጣል።

የዓመቱ ምርመራ ሰኞ ጥር ሃያ አምስት ሊሆን፣ ቅዳሜው ጊዮርጊስ ዋለ። የጊዮርጊስ ማኅበር ተራ የደረሰው እነእትዬ አሰፋሽ ቤት ነበርና ተጠራሁ። ሽንኩርት ልክተፍላቸው ብዬ ማልጄ ተነሣሁ። ጋፋትን አልፌ፣ በየአውድማው በሬ የሚነዱትን እየተሳለምኩ ስደርስ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም።

እትዬ አሰፋሽ ደጃፉ ላይ ባለቤታቸው ጭን ላይ ራሳቸውን ጥለው፣ ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተኝተዋል። አያ ሙላቴ በግራ እጃቸው የዓይናቸውን ቆብ ገልበጥ አድርገው ይዘዋል። ቀኝ እጃቸው ላይ ወረንጦዋ አለች። ትንፋሻቸውን ውጠው ሳብ ያደርጋሉ፣ እፍ ይሉላቸዋል፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉላቸዋል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። እኔን ማንም እንዲህ ይዞኝ አያውቅም። ቀጥሎ ነገሩ ገባኝና ደሜ ፈላ።

"አያ ሙላቴ! ምን እየሠሩ ነው?"

ደነገጡ፤ ግን የያዟትን ነቅለው ጨረሱና ነው ቀና ያሉት። "መጣሽ ልጄ? ምነው በጠዋት? ሰኞ ያ ቀጭኑ ሰውዬ ይመጣ የለም? ደጃችንን እየጠረግን ነው።"

"የምን ደጅ?"

"ያንችን ሥራ ሊያይ ነው የሚመጣ። ፀጉር ቢያገኝ ማን ሊያፍር ነው? አንች አይደለሽ? እጇ አይረባም ብለው ከእንጀራሽ ቢያፈናቅሉሽስ?"

እትዬ አሰፋሽ ከተኙበት ሳይነሡ "እኛ እያለን ባለጌ አይስቅብሽም" አሉ።

ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። "የስድስት ወሩስ?" አልኩ።

"ለሱማ ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው ያጸዳሁት።"

"ደሳለው ነቅላችኋል ወይ ብሎ አልጠየቀም?"

"ጠየቀ። እኔ አልዋሸሁም፤ የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ሆኜ ምን አስዋሸኝ? ዝም ነው ያልኩ። እሱም ጻፈ።" ከዚያ ከኪሳቸው በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አንዲት ጣት የምታህል ጧፍ ናት። በመዳፋቸው እያሞቁ ያለሰለሱት ሰሟ ላይ የዓይን ፀጉሮች በተርታ ተለጥፈዋል። "ይኸው፣ አንዲትም አልጠፋች። ይኸ ሰባቱ የሐምሌው ነው፤ ይኸ አራቱ የዛሬው። እንቆጥረዋለን ብለሽ የለ።"

ሳቄና ልቅሶዬ አንድ ላይ መጡ። ከመቆጣቴ በፊት ግን ዓይናቸውን ማየት ነበረብኝ። ደንቡ አይፈቅድም አላልኩም፤ ፀሐይዋ ላይ አዙሬ አየሁት። ቀኙ ብሌን ጠርዝ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አዲስ ነጭ ጠባሳ አለች። የዛሬ ዓመት አልነበረችም። ፀጉሩ በቅሎ እስኪታይና እስኪነቀል ድረስ ሲቧጥጥ ከርሟል።

"እትዬ አሰፋሽ፣ እይታዎ እንዴት ነው?"

"ትንሽ ጭጋግ ብጤ ናት። በጠዋት ብቻ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመስቀል ወዲህ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ አያ ሙላቴ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ለእሳቸውም አልተነገራቸውም ነበር። ወረንጦዋ ከእጃቸው ወደቀች።

"ለምን አልነገሩኝም? ለእኔ ብለው ሊታወሩ ነው እንዴ? አንድ ዓይን እኮ ነው ያለዎት!" ጮኽኩባቸው። በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እሳቸው ግን እጄን ያዙና "ድንቹ ደረሰሽ ወይ?" አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ ሰዎቹ እየተሰበሰቡ መጡ። የሠራኋቸው ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ጓዳ እየገቡ ይስሙኛል። ዓለሚቱ የምትባለው ነገረኛዋ ጆሮዬ ሥር "ሰኞን አታስቢ፤ ፀጉር የተመለሰብን ሁላችንም አሰናድተናል" አለችኝ። ሙሉም ዘውዱም እንዲሁ ጠቀሱኝ። ከአሥራ አንዱ ስድስቱ! ግድግዳው ላይ ያየኋት ያቺ ሁለት ቁጥር፣ ያ ሁሉ የተኩራራሁባት፣ የእነዚህ ሰዎች ፍቅር ነበረች።

ዝም ማለት እችል እንደነበር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሽንኩርቱ እያስለቀሰኝ ሳሰላው ነበር። ሰኞ ደሳለው ባዶ ብሎ ይጽፋል። ማክሰኞ እኔ እትዬ አሰፋሽን በስውር ወስጄ አክማቸዋለሁ። ስሜም ይድናል፣ ሻንጣዬም። ማን ይጎዳል? ከዚያ የሚመጣው ዓመት ታሰበኝ። ያ ቁጥር መጽሐፍ ላይ ይወጣል። ይህ ስፌት ይሻላል ይባላል። በሌላ አገር ያለች አንዲት አሰፋሽ በዚያ ስፌት ትሰፋለች። ባሏ ወረንጦውን የጣለ ከሆነማ የሚነቅልላት እንኳ የለም።

ቄስ በላይነህ ማዕዱን ባርከው ሰው ሁሉ መጉረስ ሲጀምር እጄን ሳልታጠብ ከጓዳ ወጣሁ። ከአያ ሙላቴ የተቀበልኳትን ጧፍ ከፍ አድርጌ ይዤ ነበር።

"ወረንጦ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ" አልኩ። "እኔ እንዳላፍር ብላችሁ ለሐኪም ስትቀርቡ ፀጉራችሁን ነቅላችኋል። እኔም ሳላውቅ በእናንተ ፀጉር ስኮራ ከረምኩ። የእትዬ አሰፋሽ ዓይን ተጎድቷል። የሚወጋው ፀጉር እያለ የለም ካላችሁ የምንሰፋው ስፌት መልካም ይሁን ክፉ አናውቅም፤ ክፉውን ይዘን ለሌላውም እንሰፋለን። እባካችሁ፣ ከወደዳችሁኝ አሳፍሩኝ።"

ጉርሻ አፉ ድረስ ያደረሰ ሰው እንደያዘው ቀረ። ዓለሚቱ "ወዲያ! ወጥ ፊት ቆሞ እንዲህ የሚል ሰው አይቼ አላውቅ" አለች፤ ሰውም ሳቀ። አያ ሙላቴ ግን አልሳቁም። ተነሡ።

"እንግዲያ ልጠይቅሽ" አሉ። "ፀጉሩ ሲወጋት ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራለች። እኔ ስንት ቀን ነው እጄን አጣምሬ የማያት?"

ቤቱ ሁሉ እኔን ያያል። እኛ አትንኩ ብለን ወረቀት ላይ ስናስፈርም፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሚስቱን ከሕመም የሚያወጣን ሰው እጅ ነበር ያሰርነው። በምትኩ ምን ሰጠነው? በስድስት ወር አንድ ጊዜ የሚመጣ ቀጭን ሰውዬ።

"አንድም ቀን" አልኩ። "በወጋት ዕለት ይደውሉልኛል፤ እኔ እመጣለሁ። ነቅለውም ከሆነ ነቅያለሁ ይበሉ፤ እሱም ይጻፋል። ዛሬ ደግሞ ሰው ሲበተን እትዬ አሰፋሽን ይዘን ወደ ከተማ እንወርዳለን።"

"እሽ" አሉና ተቀመጡ። ከዚያ ወጡን ወደ እኔ ገፋ አድርገው "በይ አሁን ብዪ፤ ለማፈርም አቅም ይጠይቃል" አሉኝ።

ዶክተር እየሩስ ጧፏን በማጉያ መነጽር ለረጅም ጊዜ አየቻት። አልተቆጣችም። "ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስኖር እንዲህ ያለ መዝገብ የያዘ ሰው አላየሁም" ብቻ አለችና ለእያንዳንዱ ታካሚ "ስንት ተነቀለ? ማን ነቀለው?" የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ አስጨመረች። ደሳለው መንደሩን እንደገና ዞረ። የሁሉም ነርሶች ታካሚዎች ተጠየቁ፤ ከሌሎቹም የነቀለ ተገኘ፣ እንደኔዎቹ ግን የለም። ሲቆጠር ከሠላሳ ስምንቱ ዘጠኝ ሆነብኝ። ከአምስታችን አራተኛ ወጣሁ። ሊያሠለጥን የተላከው ዋልልኝ ነው። ሊሰናበተን ሲመጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ "አይዞሽ፣ ልምድ ነው" አለኝ። ሻንጣዬን አዋስኩት።

የእትዬ አሰፋሽን ቀኝ ዓይን ዶክተር እየሩስ ራሷ ደግማ ሠራችው፤ እኔ መብራት ያዝኩ። አያ ሙላቴ በሩ ላይ ቆመው ጥጉ ላይ ስላለችው ክፉ ፀጉር ለእሷም ነገሯት። ጠባሳዋ ባለችበት ቆመች። ወደ መሐል አልገባችም።

ዓይናቸው ዳግም በተሠራ በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ ደሳለው ሊመረምር ሲሄድ እኔም ተከተልኩት፤ ለምርመራው ሳይሆን ለድንቹ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እትዬ አሰፋሽ እንደ ጥንቱ ደጃፉ ላይ ባለቤታቸው ጭን ላይ ተኝተው አገኘናቸው። ደሜ ሊፈላ ሲል የአያ ሙላቴን እጅ አየሁ፤ ባዶ ነው። የቆዳ ማኅደሯም አንገታቸው ላይ የለችም። ደሳለው ጎንበስ ብሎ በመነጽሩ አየ፤ ተነቅሏል ወይ ብሎም ጠየቀ። "አልተነቀለም" አሉ አያ ሙላቴ ጮክ ብለው። ዜሮ ብሎ ጻፈ።

"ታዲያ በጠዋት እዚህ ምን ትሠራላችሁ?" አልኳቸው።

"ቅዳሜ አይደል?" አሉኝ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ።

እትዬ አሰፋሽ ግን እኔን አልሰሙም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ጭን ላይ ሲተኙ ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ ነበር። አሁን ደርቋል። ቀና ብለው የባላቸውን ፊት ሲመረምሩ ቆዩና እጃቸውን አንሥተው ሽበታቸውን ነኩ።

"ኧረ ሙላቴ! መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?"

"ቀስ ብዬ ነው" አሉ አያ ሙላቴ። "እንዳላስደነግጥሽ።"