የአፋፉ ድንቢጥ

ልጅ ሳለሁ ይመስለኛል፣ ገብሱን ደብረ ብርሃን አራግፎ ባዶውን ወደ አንኮበር በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ሁለት ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛው፣ ቄስ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ «ሰው ጎተራው ሲጎድል ያያል፤ እሱ ራሱ ሲጎድል ግን በምን ያውቃል?» አሉ። ሁለተኛው ሰውዬ የመለሱትን ነፋሱ ወሰደው፤ ወይም እኔ ረስቼዋለሁ። «በወዳጁ» ያሉ ይመስለኛል። «በሚስቱ» ብለውም ይሆናል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ብዙ ሳቁ።

ያን ወሬ ባለፈው ኅዳር አፋፉ ላይ ቆሜ እስኪመጣብኝ ድረስ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

እኔና አያ ተክለጊዮርጊስ ወፍና አውሬ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን እንመራለን። እሱ ከአፋፉ አንሥቶ እስከ ወፍ ዋሻ ጫካ ያለውን መውረጃ ሁሉ እንደ ቤቱ ደጅ ያውቀዋል። በእኛ አገር ጉም ሲወርድ ዓይን ሥራ ይፈታል፤ መሪ የሚባለው በጆሮው የሚያገኝ ሰው ነው። አያ ተክሌ በወጣትነቱ ዜማ ቤት ስለነበር የጫካውን ድምፅ ሁሉ በሦስቱ የዜማ ስልቶች ከፍሎታል። የቁራና የጉሬዛ ወፍራም ድምፅ ግዕዝ ነው። የዋኔ ርግብ ለስላሳ ድምፅ ዕዝል ነው። የትንንሾቹ ወፎች ቀጭንና ከፍ ያለ ድምፅ ደግሞ ዓራራይ። ይህ በመጽሐፍ የተጻፈ ነገር አይደለም፤ የራሱ ነው።

እኔ ዜማ አልተማርኩም። የችግኝ ጣቢያ ዘበኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ስቀመጥ ከመስማት በቀር ሥራ አልነበረኝም፤ ወፎቹን የለየኋቸው እዚያ ነው። ስለዚህ አያ ተክሌ ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ «ይኼ ዘበኛ» ይለኛል። መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ ከጨረሰ ወዲህ ለእሱ የቀረችለት ይህች መምራት ናት። ሰውም የሚያውቀው በእሷ ነው፤ ገበያ ላይ «ባለ ጆሮው» ነው የሚሉት።

በኅዳር ማለቂያ ቤዚ መጣች። ቤዚ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ትንሽ የጉዞ ድርጅት አላት። ከጥምቀት በኋላ እንግዶች ልታመጣ አስባ መንገዱን ከእኛ ጋር ልታቅድ ነበር አመጣጧ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ማለዳ አፋፉ ላይ፣ ከዚያ በበቅሎ ጭኖ ወደ ጫካው መውረድ፣ ድንኳን ተክሎ ማደር፣ ጎህ ሲቀድ ጉሬዛውን መስማት። እንግዶቹ ግን ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት አንዲት ወፍ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘውን፣ እኛ የአፋፍ ድንቢጥ የምንላትን፣ ድንጋይ የምትመስል ቡናማ ወፍ። እሷ መኖሯ ካልተረጋገጠላቸው ወደ ሌላ አገር ሊሄዱ ነው። ቤዚም በዚያው ቀን ቁርጡን ልትነግራቸው ቃል ገብታለች።

በማለዳ ወጣን። ውርጩ ገና አልቀለጠም፤ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ፊታችንን ያርሳል። የቤዚ አዲስ ጫማ ጠጠሩ ላይ ይንኳኳል። አያ ተክሌ ከከበሮ የሚብስ ጫማ እንዳመጣችና አውሬው ሁሉ ማኅሌት ነው ብሎ ሊመጣ እንደሚችል ነገራት። እሷም ከማኅሌት ያመለጠ አውሬ ካለ ይንገረኝ፣ አብሬው እሄዳለሁ ብላ መለሰችለት።

አፋፉ ላይ ስንደርስ እንደ ልማዱ መቋሚያውን ተክሎ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ከኋላው ቆምኩ። ወዲያው ከቀኜ፣ ከገደሉ ከንፈር በታች፣ ቀጭን ድምፅ ተነሣ። መርፌ ጨርቅ ሲያልፍ ድምፅ ቢኖረው እንደዚያ ይመስለኛል። ሌላው ከግራ መለሰ። ሦስተኛው ከጅባራው ተክል ሥር። በልቤ ተመስገን ብዬ አያ ተክሌ እጁን እስኪያነሣ ጠበቅሁ። ሲሰማ እጁን ያነሣል።

እጁን አላነሣም። ብዙ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ።

«ለቀዋል» አለ። «ዓምናም ቀንሰው ነበር። ይኼ ባሕር ዛፍ አባረራቸው። ልጄ፣ አትድከሚ፤ አፋፉን ከፕሮግራሙ አውጪው።»

በዚህ ጊዜ ነው ያ የመኪና ላይ ወሬ የመጣብኝ። ድንቢጦቹ ዙሪያችንን እየዘመሩ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚዋሽ ሰው አይደለም።

ቤዚ ስልኳን አውጥታ ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ ዘሥላሴ፣ እርስዎስ?»

አዎ እሰማለሁ ብል እውነት ነው። ግን በእሷ ፊት፣ በአንድ ቃል፣ የዚያን ሰው ስም ከገበያው ማውጣት ሆነብኝ። የለም ብል ሐሰት ነው። አቡነ ዘበሰማያትን በልቤ ጀምሬ ሳልጨርስ፣ «ጉሙ ይነሣ፤ በዓይናችን አይተን እንወስን» አልኩ።

አያ ተክሌ በጆሮ ያልተገኘውን በዓይን የሚፈልግ ዘበኛ ብቻ ነው ብሎ ሳቀብኝ፤ ቢሆንም ተቀመጠ። ቆሎ ተካፈልን። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ጉሙ ከላይ ወደ ታች ተቀደደ፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ታዩ። ቀድማ ያየችው ቤዚ ናት። ድንጋይ ያለችው ነገር ተንቀሳቀሰባት። አንዲት ድንቢጥ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብላ ቋጥኝ ላይ ወጥታለች።

«ከቅድም ጀምሮ የምሰማው ይሄን ነበር እንዴ?» አለች ቤዚ። «እኔ እኮ ስልኬ መስሎኝ ስከፍት ስዘጋ ነበር።»

አያ ተክሌ የሩቅ ማሳያ መነጽሯን ተቀብሎ ተመለከተ። እኔ እሱን እንጂ ወፏን አላየሁም። መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሣ፣ በዝግታ፣ «አፏን ከፍታለች» አለ። «ጉሮሮዋ ይርገበገባል። ትዘምራለች?»

«ትዘምራለች አያ።»

«በምን?»

«በዓራራይ።»

መነጽሩን አውርዶ ለቤዚ መለሰላት። ስንመለስ ብቻውን ቀደመ። የአስፋልቱ ዳር ስንደርስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ ስሙን ከጉዞው እንድታወጣ፣ እንግዶቹን ዘበኛው ይምራቸው አለ። ቤዚ የተናደደባት መሰላት፤ ስለ ስልኩ የተናገረችው ቀልድ እንደሆነ ልታስረዳው ሞከረች። ሚኒባሱ ሲመጣ በመስኮት በኩል ወደ እኔ አየች። ስለ ስሙ እስከ እሑድ ጠብቂኝ አልኳት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ሥር፣ ፀሐይ የሚመታው ድንጋይ ላይ አያ ተክሌን አገኘሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንድናገር አላስቸኮለኝም፤ እኔም አልቸኮልኩም። መጀመሪያ ስለ ገብሱ ተጫወትን። ከዚያ እሱ ራሱ ጀመረው። ዓምና እንግዶቹ ድንቢጧን ያላዩት የእነሱ ጫማ ስለሚጮህ ነው ብሎ ማማረሩን፣ ባሕር ዛፍ የተከለውን ጎረቤቱን መገሠጹን ነገረኝ። ሄዶ ይቅርታ እንደጠየቀውም። ጎረቤቱ አንድ ዛፍ እንኳ ባለመቁረጡ አሁን በጣም ደስ ብሎታል አለኝ። ሳቅን።

ከሳቁ በኋላ የመጣሁበትን ነገርኩት። ያለ እሱ አፋፉ ላይ ብቻ እንደምቀር፣ የጫካው መውረጃ ሁለቴ እንዳሳተኝ፣ እንግዳ ይዤ ብስት ደግሞ የነፍስ ጉዳይ እንደሆነ። ከዚያም ማኅሌት ላይ አንድ ሰው ብቻውን እንደማይቆም እኔ ያልተማርኩት እንኳ አውቃለሁ አልኩት፤ የቀኙ ሲያነሣ የግራው ይቀበላል። ቀጭኑን እኔ ልስማ፣ ወፍራሙን አንተ። ድንቢጧን ስሰማ መቋሚያህን እነካለሁ፣ አንተ እጅህን ታነሣለህ፣ እንግዳ አያውቅም።

መሬቱን በመቋሚያው ጫር ጫር አደረገ።

«እንግዳ አያውቅም ያልከው አልገባኝም» አለ። «ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ እጄን ላነሣ ነው? በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀምጠህ?»

አፈርኩ። ለእሱ ያሰብኩት መስሎኝ እንደነበር ነገርኩት።

«አውቃለሁ፤ ክፋት የለብህም» አለ። «ጫካውስ? ጉሬዛውን የሰማሁት ከትናንት ወዲያ ነው፤ እንደ ድሮው ነው የሚያገሣው። እሱን ለማንም አልሰጥም።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ለቤዚ ደውልላት።»

ደወልኩ። ስልኩን ተቀብሎ፣ ልክ ከገደል ማዶ እንዳለች ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ስሙን እንድትመልሰው ነገራት። የመጀመሪያው ማለዳ አፋፉ ላይ ከእንግዶቹ ፊት እሱ ራሱ ቆሞ የድንቢጧ ድምፅ ከጆሮው እንደወጣ ይነግራቸዋል፤ እሷም ሳታሳጥር ትተርጉም። ከዚያ የምትለውን አዳመጠ። «አይ፣ አላፍርም» አላት፤ ቀጥሎም «ትንሽ አፍራለሁ፤ ቢሆንም እናገራለሁ» አለ።

ስልኩን መልሶልኝ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ።

«አፋፉ ላይ አንተ ትቀድማለህ፣ እኔ ከኋላህ እሄዳለሁ» አለኝ። «ጫካው መግቢያ ላይ ግን ቆመህ ጠብቀኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ እመራለሁ።»