ጎረቤቴን ሸኚልኝ

የቴሌቪዥን ድራማችንን ደራሲ እኛ የልብስ ክፍል ሰዎች «አስለቃሽ» እንላታለን፤ ጭሱን ትተን። የጻፈችውን ድራማ አይቶ ዓይኑን ሳይጠርግ የሚነሳ የለም። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እሷ ሰዎቹን ትጽፋለች፣ እኔ ልብሳቸውን እሰፋለሁ። ጠዋት ስትመጣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ያለው የጨርቅ ጥቅል ላይ ዘፍ ካላለች ቀኑ አይነጋላትም ነበር። እህት የለኝም፤ እህቴ የምለው እሷን ነበር።

ለእሷ ብቻ የነገርኳት ነገር ይህ ነው። እናቴ ሳንባዋን ታማ በመጨረሻዎቹ ወራት የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነበር። ማሽኑ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። እናቴ «ጎረቤቴ» የሚል ስም አወጣችለት። «ይቺ ጎረቤቴ ዛሬም ወሬዋን አልጨረሰችም» ስትል እኔና ታላቅ ወንድሜ እንስቃለን። ከሦስታችን ሌላ ማሽኑን እንዲህ ብሎ የጠራ ሰው በምድር ላይ የለም። ሐኪሙ ከእንግዲህ የቀሯት ቀናት ናቸው ብሎ ወደ ቤት በመለሳት ሳምንት፣ ሾፌሩ ወንድሜ በከባድ መኪናው ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ሳለ፣ እናቴ እጄን ያዘችና «ልጄ፣ ደከመኝ። ጎረቤቴን ሸኚልኝ» አለችኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ለመነችኝ። በአራተኛው ቀን ሸኘሁላት።

ኃጢአት ይሁን ምሕረት እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንድ ቀን አንዱ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ሌላው። ወንድሜ ግን እንዲህ ያለ ነገር ላይ ጥርጥር አያውቅም። ነፍስን የሰጠ ራሱ ይውሰዳት ባይ ነው፤ በየመንገዱ መኪናውን አቁሞ የሚጸልይ ሰው። ለእሱ «በእንቅልፏ አለፈች» ብዬ ነገርኩት። በዚህ ዓለም የቀረኝ ሥጋ እሱ ብቻ ነው፤ እሱን ማጣት አልቻልኩም።

እናቴ የሞተችበት ቀን ዓመቱን ሲደፍን መርፌ ጣቴን ወጋኝና አለቀስኩ። አስለቃሽ አጠገቤ ነበረች። ይህ የመርፌ ለቅሶ አይደለም አለችኝ። ነገርኳት። አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የድራማው የአንድ ክፍል ጽሑፍ ለልብስ ዝግጅት እጄ ገባ። እኔ ጽሑፍ የማነበው ለልብሱ ነው። ዝናብ አለ ወይ፣ ደም አለ ወይ፣ ስንት ቅያሬ ያስፈልጋል፤ ማን ምን አለ የእኔ ጣጣ አይደለም። ጣቴ «ሴት ልጅ፦ የነተበ ሰማያዊ ሹራብ» የሚለው ላይ እያለ ዓይኔ ወደ ታች ተንሸራተተ። «እናት (በደከመ ድምፅ)፦ ጎረቤቴን ሸኚልኝ» ይላል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። የገዛ እናቴን ጣር በንጹሕ ወረቀት አሳትማ፣ ልብስ ስፊለት ብላ ላከችልኝ።

ጽሑፉን ይዤ ክፍሏ ገባሁ። አልካደችም። አንቺ መሆንሽን ማን ያውቃል አለች። ወንድሜ ያውቃል አልኳት። ይህን ድራማ አንድም ክፍል አያመልጠውም፤ እሁድ አመሻሽ ላይ እኔ ቤት መጥቶ ከቴሌቪዥኑ ጋር እየተሟገተ ነው የሚያየው። ታሪኩን ውሰጂው፣ ያቺን ቃል ብቻ አውጪልኝ ብዬ ለመንኳት። ማሽኑን ድመት በይው፣ ወፍጮ በይው፣ የፈለግሽውን በይው።

«ከጻፍኩት ሁሉ እውነተኛዋ ቃል እኮ እሷ ናት» አለችኝ። «ይህን ጉዳይ በቴሌቪዥን የደፈረው የለም። እኔ በልጅቷ አልፈርድም። ጥያቄውን አስቀምጬ እወጣለሁ፣ ተመልካቹ ራሱ ይጨነቅበት። ለእናትሽ ከዚህ የበለጠ ምን ሐውልት አለ?»

«እናቴ ሐውልት አቁሚልኝ አላለችም። ሸኚልኝ ነው ያለችው።»

በመጨረሻ እቀይረዋለሁ አለች። እናቴ ትሙት ብላ ማለችልኝ። እናቷ እስከ ዛሬ ደህና ናቸው፤ ያኑርላት።

ከሳምንት በኋላ የልብሱ ትእዛዝ ተለወጠ። ሰማያዊው ሹራብ ተሰርዞ ወርቃማ ጠርዝ ያለው አዲስ ቀሚስ ተተካ፤ በስተቀኝ «ትልቅ ወረቀት ታጥፎ የሚገባበት ኪስ» ይኑረው ተብሏል። ወሬው ልብስ ክፍል ድረስ መጣ። የድራማው የሃይማኖት አማካሪ ጽሑፉን አንብበው፣ እንዲህ ያለውን ነገር ያለ መልስ ጥሎ መውጣት ሰው ማሳሳት ነው ብለዋል፤ ጣቢያውም ፈርቶ ጥፋተኛዋ በግልጽ ትታወቅ ብሏል። በአማካሪው አልተቀየምኩም፤ ያመኑበትን ነው የተናገሩት። እኔ ያቺ ቃል ከወጣችልኝ የቀረው አልገደደኝም። ኪሱን ሰፋሁት። ወረቀቱ ሲወጣ እንዳይያዝ ሁለት ጊዜ ፈትቼ መልሼ ሰፋሁት። ሥራዬን እወዳለሁ፤ ለማንም ቢሆን አጣምሜ አልሰፋም።

የሚተላለፍበት እሁድ ወንድሜ እንደ ልማዱ መጣ። ጫማውን አውልቆ እናታችን ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተመቻቸ። ቤቱ የእሷ ነበር። ከመታመሟ በፊት በእኔ ስም አዛወረችው፤ «እሱ መኪናው ውስጥም ያድራል፣ ይቺ ግን የት ትገባለች» ብላ። ያን ቀን ምስክር ሆኖ የፈረመው ወንድሜ ነው፤ እየሳቀ ነበር የፈረመው።

«እታለም፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ነው ያለበስሽው?» አለኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ ሌላ ስም የለኝም።

ድራማው ተጀመረ። አልጋው፣ ማሽኑ፣ ጉርምርምታው። ወንድሜ ዛሬ ከቴሌቪዥኑ ጋር አልተሟገተም። ከዚያ እናት ሆና የምትሠራው ተዋናይ ዓይኗን ጨፍና «ልጄ፣ ደከመኝ። ጎረቤቴን ሸኚልኝ» አለች። አንዲት ፊደል አልተነካችም።

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። ፊቱ ላይ የጠበቅሁት ቁጣ አልነበረም። መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። ያኔ ልነግረው ነበር፤ ሦስቱን ቀን፣ ልመናዋን፣ አራተኛውን ቀን። ይቆጣ፣ ይገሥጸኝ፣ ግን የሚሰማኝ ሰው ፊት ነበር። በዚህ እስከ ዛሬ እምላለሁ።

ድራማው ግን አላለቀም። ልጅቷ ማሽኑን አጠፋች፣ የእናቷን ዓይን ከደነች፣ በዚያ ባለ ወርቃማ ጠርዝ ቀሚስ ወደ መስኮቱ ሄደች። እጇን እኔ የሰፋሁት ኪስ ውስጥ ከተተች። ወረቀቱ ሳይያዝ ሸተት ብሎ ወጣ። የእናቷ ቤት ካርታ ነበር። አየችውና ፈገግ አለች።

ጥያቄው ሲከብዳቸው ሌባ አደረጓት። በሌባ ላይ ለመፍረድ የሚቸገር ማን አለ።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ በራ። የአስለቃሽ መልእክት ነው። «ይቅር በይኝ። ሁሉንም ሲቀይሩብኝ ያቺን ቃል ብቻ ታግዬ አስቀረኋት። ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነው» ይላል።

ወንድሜ እኔን ማየት ትቶ ግድግዳውን ያያል። ከግድግዳው ጣሪያውን፣ ከጣሪያው በሩን። እንባው ዓይኑ ላይ ደርቋል።

«ይህ ቤት በስምሽ የዞረው መቼ ነበር?»

«ከመታመሟ በፊት ነዋ፣ ወንድም ጋሼ። አንተ አይደለህ ምስክር ሆነህ የፈረምከው?»

«እሱማ ፈርሜያለሁ» አለ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ሦስቱን ቀን ልነግረው ሞከርኩ፤ ቃላቱ ከአፌ ሲወጡ ለራሴም የድራማ መሰሉኝ። ማሰሪያውን ቀስ ብሎ አሰረ፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን። እየሰማኝ እንዳልሆነ ገባኝ።

እስከ በር ሸኘሁት። ደጃፉ ላይ ዞር አለና «ደህና ይደሩ» አለኝ፤ አዝሎ ያሳደጋትን ታናሽ እህቱን፣ አንቱ ብሎ።