የወይዘሮ ኦቲሊያ አፍንጫ

ሮስቪታ የብርድ ወራት በመጣ ቁጥር ለወፎች እህል የምትበትንባት፣ ከአጥሩ ጥግ የቆመች ጎጆ መሳይ የእንጨት ማዕድ አለች። በዚያች ማዕድ ላይ፣ በሱፍ ፍሬው መካከል፣ ጥቃቅን ግማሽ ጨረቃዎች ተበትነው ነበር። ወይዘሮ ኦቲሊያ የሳሎናቸውን መጋረጃ በሁለት ጣት ገለጥ አድርገው ሲያዩ መጀመሪያ ዓይናቸውን ተጠራጠሩ። ቀጥሎ ዓይናቸውን ትተው ጎረቤታቸውን ሮስቪታን ጠረጠሩ። በዚያ መንደር እንዲያ አንሶ፣ ጫፍና ጫፉ እንዲያ ሾሎ፣ አንዱ ከሌላው ሳይበላለጥ የሚወጣ ኪፕፈርል የሚሉት የገና ብስኩት ከእሳቸው እጅ በቀር ከየትም አይመጣም። የሌሎቹማ ምኑ ይወራል! የቄሱ ቤት ሠራተኛ የምትጋግረው አውራ ጣት ያህላል። የሮስቪታ ደግሞ ቫኒላ ይሁን ሳሙና በማይለይ የፋብሪካ ዱቄት የታሸ ነው።

«ለወፍ!» አሉ ጮክ ብለው፣ ባዶ ቤት ውስጥ። «የኔን እጅ ሥራ ለወፍ!»

ይባስ ብሎ ወፎቹ አይበሉትም። ደረታቸው ቢጫ የሆነ ትንንሽ ወፎች እየተሻሙ የሱፍ ፍሬውን ይለቅማሉ። አንዷ ተሳስታ አንዱን ኪፕፈርል ነካ አደረገችና ራሷን ነቅንቃ ወደ ዛፉ በረረች። ወይዘሮ ኦቲሊያ ወፊቱንም ናቋት።

ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። ከገና በፊት ሁለተኛው ሻማ የሚበራበት እሑድ ነበር። ጉሙ ከዳኑብ ወንዝ ተነሥቶ የወይን እርከኖቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል፤ ከደወሉ ድምፅ በቀር መንደሩ ጭጭ ብሏል። ወይዘሮ ኦቲሊያ በየዓመቱ በቅድስት ባርባራ ቀን፣ ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ኪፕፈርል የሞላ የቆርቆሮ ሣጥን ለጎረቤት ያድላሉ። የእሳቸው ቆርቆሮ የደረሰው ሰው በመንደሩ ሰው ተብሎ ይቆጠራል፤ ያልደረሰው ምን እንዳጠፋ ሲያስብ ይከርማል። ለሮስቪታ የሚልኩት አክብረዋት አልነበረም። አጥር ለአጥር ስለሆኑ ብቻ ነው።

«ሮስቪታ! ነይ እስቲ ውጪ!»

ሮስቪታ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ብቅ አለች። ማን እንደመጣ ስታይ ፊቷ እንደ ሊጥ ነጣ።

«ውይ እትዬ! ምነው በደህና? ይግቡ እንጂ፣ ብርዱ...»

«ብርዱን ተይው። ያ ምንድን ነው?»

ሮስቪታ የራሷን ማዕድ ገና ዛሬ እንዳየችው ሁሉ ዞራ ተመለከተች። «እሱማ... ጥርሴን አሞኝ ነው፣ እትዬ። ውስጡ ያለውን የዋልነት ፍሬ ማኘክ አልችል አልኩ። ታዲያ ከሚበላሽ ብዬ ነው።»

«ትናንት መንገድ ላይ አግኝተሽኝ ምን ነበር ያልሽኝ? ‹እንደ ሁልጊዜው አንደኛ ነው› አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ጥርስሽ ከትናንት ወዲህ ነው የታመመው?»

ሮስቪታ የሽርጧን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ «ልክ ነው፣ እትዬ» ስትል የኖረች ናት። ዝናብ ነው ሲሏት ልክ ነው፤ ፀሐይ ነው ሲሏት ልክ ነው። ወይዘሮ ኦቲሊያ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መጣላት ራሱ ክብራቸውን የሚነካ መሰላቸውና ጀርባቸውን ሰጥተው ተመለሱ።

በራቸው ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። በሮስቪታ ፊት ላይ ያዩት ምቀኝነት አልነበረም። ምቀኝነትን ያውቁታል፤ ሰባ ዓመት ሙሉ ሲያዩት የኖሩት ነገር ነው። ያዩት ፍርሃት ነው። ሮስቪታስ ትዋሽ፤ ወፎቹ ግን ማንን ፈርተው ይዋሻሉ?

ኩሽና ገብተው ከጓዳው የቀረውን ቆርቆሮ አወጡ፤ ክዳኑን ከፍተው አፍንጫቸውን ሰደዱ። ምንም የለም። ግድግዳ እንደማሽተት ነው። ባለፈው የካቲት ትኩሳት ጥሏቸው ሲነሡ ሽታ አብሯቸው አልተነሣም። ይመለሳል ብለው ጠበቁ፤ አልተመለሰም። ይህን ለሐኪም አልተናገሩም፤ ለቄሱም በኑዛዜ አልተናገሩም፤ ለልጃቸው ለቫለንቲን ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ቫለንቲን ከዓመት በፊት አንድ ዜማ ጀምሯል። ክሬምስ ከተማ ለአረጋውያን ጥሩ ቤት አለ፤ ከክፍሉ ሆነሽ ዳኑብን ታዪያለሽ፤ ሾርባ ያመጡልሻል። ብቻሽን ነሽ፤ ምድጃው አሮጌ የጋዝ ምድጃ ነው፤ አንድ ቀን ጋዙ ቢያፈተልክስ? ለዚህ ሁሉ የወይዘሮ ኦቲሊያ መልስ አንድ ነበር፦ «አፍንጫ አለኝ!» እውነትም ነበራቸው። ኪፕፈርል ሲጋግሩ ሰዓት አይተው አያውቁም፤ ቅቤው መቅላት ሲጀምር ሽታው ይጠራቸዋል። ባለፈው ገና ምራታቸው ቪብከ በእንቁላል ቅርጽ የተሠራ የደቂቃ ደወል ይዛላቸው ስትመጣ፣ እንግዳ በተሞላ ቤት መሀል «ይሄ አፍንጫ ለሌላቸው ነው» ብለው በሁለት ጣት አንሥተው መስኮቱ ላይ ጥለውት ነበር።

አሁን ያ ደወል የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነው። ከየካቲት ወዲህ ያለ እሱ ምንም ጋግረው አያውቁም።

ዋልነቱስ? ዘንድሮ በሚያዝያ ውርጭ መታውና ከጓሮው ዛፍ አንድ ፍሬ እንኳ አልተገኘም። ዋልነት ከሱቅ መግዛት ደግሞ ለእሳቸው ልመና ነው። ስለዚህ ቆጥ ላይ ወጥተው አሮጌ ከረጢት አወረዱ፤ የአምና ይሁን የካቻምና ልብ አላሉም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከረጢቱ ገና ሲፈታ አፍንጫቸው ይነግራቸው ነበር። አንዱን ኪፕፈርል አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ልም ሆኖ ሟሟ፤ ስኳሩ ጣፈጣቸው፤ መጨረሻ ላይ መረር አላቸው። ዋልነት መቼስ መቼ አይመርም?

«ምቀኛ!» አሉ በመጨረሻ። ሮስቪታን መናቅ ቀላል ነበር። የለመዱት ሥራ ነው።

ልጃቸውና ምራታቸው ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ሱቅ እንዳይባል እሑድ ነው፤ አገሩ በሙሉ ዝግ ነው። ትናንት የታሸው ሊጥ ምድር ቤት ቀዝቅዞ ተቀምጧል። አወጡት፤ በመዳፋቸው አድቦለቦሉት፤ ቆራርጠው አንድ በአንድ ጎበጥ ጎበጥ አደረጉት። እጃቸው አልከዳቸውም። ትሪው ላይ የተደረደሩት ጨረቃዎች እንደ ወታደር ቀጥ ያሉ ነበሩ።

የልጃቸው መኪና ደጅ ላይ ስትቆም ትሪውን ምድጃ ውስጥ አስገቡ፤ ደወሉን ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ጠመዘዙ።

ቫለንቲን ገባና ሁለት ጉንጫቸውን ሳመ። ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል፤ በባንክ ሰው የሚፈራው አለቃ ነው፤ እናቱ ቤት ሲገባ ግን ጫማው ጭቃ እንዳልነካ ሁለት ጊዜ ያያል። ከኋላው ቪብከ ቆርቆሮ አቅፋ ገባች። ሃምቡርግ ያደገች ረዥም ሴት ናት፤ ያሰበችውን ነገር ሳትጠቀልል ትናገራለች፤ ወይዘሮ ኦቲሊያ ይህንን አሳዳጊ እንደማጣት ነው የሚቆጥሩት።

«እኔም ዘንድሮ ሞከርኩ፣ እማማ» አለች ቆርቆሮዋን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ እያኖረች። «በዋልነት ፈንታ በአልሞንድ ነው የሠራሁት።»

ወይዘሮ ኦቲሊያ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ።

«ደግ አደረግሽ። ፈረሱ የታለ?»

«የምን ፈረስ?»

«የኮቴውን ብረት ጫማ ይዘሽ ስትመጪ ፈረሱን ውጪ አስረሽው መስሎኝ ነው።»

ቫለንቲን ሳቀ፤ ሚስቱ ስታየው ሳቁን ዋጠው። ቪብከ አልተቆጣችም። «ትልቅ ነው፣ እውነት ነው» አለች። «መቅጠን እምቢ አለኝ። ሲቀጥን ይሰበራል።» ወንበር ስባ ስትቀመጥ አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ ወደ ምድጃው ዞር አለች፤ ከዚያ አማቷን አየች። ወይዘሮ ኦቲሊያ አስተያየቷ አልጣማቸውም።

ሁለተኛው ሻማ በራ። ቫለንቲን ጣቶቹን አቆላልፎ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እማዬ፣ ያ የክሬምሱ ክፍል ተለቋል። እስከ ሐሙስ መልስ ስጡን ብለዋል። አልጫንሽም፤ ግን ይሄ ጋዝ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኛል።»

«አፍንጫ አለኝ።»

«አውቃለሁ፤ ግን ዕድሜ እኮ...»

«ዕድሜ ምን? ዕድሜ አፍንጫ ይበላል?» ተነሥተው የራሳቸውን ቆርቆሮ አመጡና ፊቱ ከፈቱት። «ቅመስና ፍረድ። እጄ ከሰነፈ፣ አፍንጫዬ ከደከመ፣ እዚህ ይታያል። ያኔ ዛሬውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እከተልሃለሁ።»

ቫለንቲን አንዱን አንሥቶ አፉ ውስጥ ጣለ። ወይዘሮ ኦቲሊያ መንጋጋውን ያዩ ነበር። ሁለት ጊዜ አኘከና ቆመ። ዓይኑ ወደ ሻማው ሸሸ። ከዚያ እንደ መድኃኒት ዋጠው፤ ጉሮሮው ወጣ ገባ ሲል ታያቸው።

«እንደ ሁልጊዜው አንደኛ ነው» አለ።

ወይዘሮ ኦቲሊያ ዓይናቸውን ከጉሮሮው አላነሡም።

«እንዲህ እየጋገርሽማ ምን እላለሁ?» አለ ቫለንቲን ፈጠን ብሎ። «ለሰዎቹ ሐሙስ እደውልላቸዋለሁ። ክፍሉ ይቅር።»

በቃ፤ አሸነፉ። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ቆጡም፣ ዛፉም፣ ምድጃውም። ደስታው ግን አልመጣም። ከፊታቸው የተቀመጠው ትልቅ ሰው የሮስቪታ ፊት ነበረው፤ ቃሉም ያው የሮስቪታ ቃል ነው። ሽርጥ ብቻ ነው የጎደለው። ይህንን ነው የወለድኩት? አሉ በሆዳቸው። ንቀታቸው ከልጃቸው ላይ አረፈና እዚያም አልበቃ አለው። ይህን ልጅ እውነት ከመናገር የከረፋ መዋጥ እንዲመርጥ ያስተማረው ማን ነው? የመንደሩን ሰውስ? ቀሪዎቹ ቆርቆሮዎች የት የት እንደተደፉ፣ ስንት ሰው ከደፋ በኋላ አመስግኗቸው እንዳለፈ አሰቡ፤ ጆሯቸው ድረስ ጋሉ።

ቆርቆሮውን ወደ ቪብከ ገፋ አደረጉት።

«አንቺስ?»

«ቪብከ ምሳ በደንብ በልታለች» አለ ቫለንቲን።

«አንተን አልጠየቅኩም።»

ቪብከ አንዱን ወስዳ ግማሹን ነከሰች። አፍታም አልቆየች፤ መዳፏን አፏ ሥር ዘርግታ መልሳ ተፋችው።

«ከርፍቷል» አለች። «ዋልነቱ የቆየ ነው። ምድጃ ውስጥ ያለውም እንደዚሁ ነው፤ ገና በሩ ላይ ሸቶኛል። እርስዎን አልሸተተዎትም፣ እማማ?»

«ቪብከ!» አለ ቫለንቲን።

«ምን ላድርግ? ጠየቁኝ።»

ወይዘሮ ኦቲሊያ ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ። መልሱ ምላሳቸው ላይ ነበር፤ ያ ሃምቡርግን፣ እናቷን፣ የፈረስ ጫማዋን ሁሉ ጠራርጎ የሚያወጣ መልስ። ቪብከ የተፋችውን በመዳፏ እንደያዘች ዓይን ዓይናቸውን እያየች ትጠብቃለች። አትፈራም። በዚህ መንደር፣ ወፎቹን ሳይጨምር፣ የማትፈራቸው እሷ ብቻ ናት።

«አልሸተተኝም» አሉ። «ከየካቲት ጀምሮ ምንም አይሸተኝም።»

ያን ጊዜ ኪሳቸው ጮኸ።

ቫለንቲን ከወንበሩ ብድግ አለ። ወይዘሮ ኦቲሊያ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ነጩን እንቁላል አወጡና ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለቱ ቆርቆሮዎች መካከል፣ አስቀመጡት። ደወሉ እየተንቀጠቀጠ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ቪብከ የራሷን ስጦታ አየችው።

«እማዬ...» አለ ቫለንቲን። «ታዲያ ጋዙ...»

«አንተ ዋጥ!» አሉት። «መዋጥ ታውቅበታለህ።» ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ተነሺ። ምድጃውን አንቺ ክፈቺው።»

ቪብከ ጨርቅ ይዛ ከፈተች። ሙቀቱ ፊታቸው ላይ ወጣ፤ ሙቀቱ ብቻ።

«ምን ይሸታል?»

«እውነቱን?»

«ውሸቱንማ ጠግቤዋለሁ።»

«ቅቤ» አለች ቪብከ ጎንበስ ብላ። «ደህና አድርጎ የቀላ ቅቤ።»

«ከዛስ?»

«ከዛማ ያ ዋልነት ነው። ሌላውን ሁሉ ያጠፋዋል።»

ወይዘሮ ኦቲሊያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትሪው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ጨረቃዎቹ እኩል፣ ጥቃቅን፣ እንከን የለሽ ነበሩ። ገና ትኩስ ሳሉ ስኳር ላይ የሚንከባለሉበት ሰዓት ነው፤ ትንሽ ከቆየ ስኳሩ አይዝም። ማንም አልነካቸውም።

«ዝጊው አሁን» አሉ። «ጋዙን።»

ቪብከ ቁልፉን አዙራ ዘጋችው። ምድጃው ጠቅ አለና ጸጥ አለ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ቪብከ ምድጃው ሥር በርከክ ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ አየሩን በአፍንጫዋ ቀስ አድርጋ ሳበች። ቫለንቲን ቆሞ እናቱን ያያል። ወይዘሮ ኦቲሊያ በሁለት እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ ይዘው፣ በገዛ ኩሽናቸው መሀል፣ ያቺ የሃምቡርግ ልጅ የምትለውን ይጠብቃሉ።